የድንቼ ቅጠል እየተጠቀለለ ነው፤ ላብራቶሪ ምን ይዤ ልሂድ?

የመናገሻው ጀማሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መናገሻ ዳር ሩብ ሄክታር ተከራይቼ ጉደኔ ድንች ተክያለሁ። ዘሩን ከራሴው ምርት እያስቀረሁ ስተክል ይሄ ሦስተኛ ዙሬ ነው። ዘንድሮ ግን ጉድ ሆኛለሁ። የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዛቸው ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ ስነካቸው እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻሉ። አንዱ እግር ጉልበቴ ጋ ሲደርስ አጠገቡ ያለው ቀንጭሮ ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም። መድኃኒት ሻጩ «ዋግ ነው» ብሎ የሸጠልኝን ሁለቴ ረጨሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ቫይረስ ይሆን? ለማስመርመር ቅጠሉን ነው ድንቹን የምወስደው?

የሆለታ ልጅ፦
ዋግ ቢሆን ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ ውሃ የነካው የሚመስል ቁስል ታይ ነበር። ያንተ የቅጠል ጠቅልል ቫይረስ ይመስላል። ከታች ቅጠል ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ከዘሩ ጋር የመጣ ነው። ዘንድሮ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ተባይ) ያስተላለፈው ቢሆን ከላይ ይጀምር ነበር። የታመመ ድንች ማሳ ላይ እያለ ከቫይረስ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ ብርህን አትጨርስ።

ላብ ጋውን፦
ቅጠል ውሰድ። ገና ባላቆጠቆጠ ድንች ውስጥ ቫይረሱ አንሶ ከምርመራው ሊያመልጥ ይችላል። ከእያንዳንዱ እግር ከላይም ከታችም ቅጠል ቁረጥ፣ ለየብቻ ሶፍት ውስጥ ጠቅልል፣ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፍ (እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይጠፋል)። በረዶ ያለው ሳጥን ውስጥ አድርገው፣ ግን ቅጠሉ ራሱ በረዶ አይሁን። ጤነኛ የሚመስሉትንም ጨምር፤ ዘር የምታስቀረው ከእነሱ ነዋ! ከእግር ወደ እግር ስትሄድ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ፒቪኤክስ የሚባለው ቫይረስ በእጅና በቢላዋ ይተላለፋል።

ምርመራው ኤላይዛ ይባላል። ቅጠሉ ተፈጭቶ ጭማቂው 96 ጉድጓድ ባለው ሰሌዳ ላይ ይጨመራል፤ ቫይረሱ ካለ ጉድጓዱ ቢጫ ይሆናል። አንዱ ኬሚካል አንዱን ቫይረስ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ «ቫይረስ ካለው እዩልኝ» ብለህ አትተው፤ የቅጠል ጠቅልል፣ ፒቪዋይ፣ ፒቪኤክስ፣ ፒቪኤስ ብለህ ጥራቸው። ፒሲአር የሚባለው ሌላ ምርመራ ከኤላይዛ ይልቅ ጥቂት ቫይረስም ቢኖር ያገኛል፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይወደዳል። ሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለአንተ ቅርብ ነው። ናሙና ይቀበሉህ እንደሆነ ግን ቅጠል ከመቁረጥህ በፊት ጠይቅ።

እናት ዓለም ከሱሉልታ፦
ልጄ፣ የበረዶውን ነገር ስማው። እኔ አንድ ጊዜ ቅጠሉን በፌስታል አስሬ ሚኒባስ መስታወት ሥር አስቀመጥኩት። ስደርስ ልጅቷ ፈታ አየችውና «ማዘር፣ ይሄ እኮ የተቀቀለ ጎመን ነው» አለችኝ። የደከምኩት ለከንቱ።

ደግሞ የሚጠወልግ እግር ካለህ መጀመሪያ ቤትህ ሞክር። ግንዱን ከሥሩ ቁረጥና ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አንጠልጥለው። በጥቂት ደቂቃ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ አጠውልግ ባክቴሪያ ነው። ያኔ ቫይረሱን እርሳው፤ ከዚያ ማሳ ዘር አይወጣም።

ቆፋሪው፦
ክሽክሹን በመድኃኒት ብትጨርሰው አይሻልም? ምርመራ ምን ያደርግልሃል?

ላብ ጋውን፦
ለቅጠል ጠቅልል ይረዳል፤ ክሽክሹ ለረጅም ሰዓት መጥባት አለበት። ፒቪዋይን ግን በሰከንዶች ያስተላልፋል፤ መድኃኒቱ ሳይገድለው ሥራውን ጨርሷል። ለዚህም ነው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያለበት።

የመናገሻው ጀማሪ፦
እትዬ፣ ብርጭቆውን ሞከርኩት፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ውሃው ጥርት ብሏል። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ትልቁን ድንች ሸጬ ትንንሹን ነበር ለዘር የማስቀረው። ስህተቱ እዚህ ነው?

የሆለታ ልጅ፦
እሱ ነው! የታመመ እግር የሚሰጥህ ትንንሽ ድንች ነው። ከክምር ውስጥ ትንንሹን ስትለቅም በሽታውን ለቅመህ አስቀመጥክ ማለት ነው፤ ሦስት ዙር ሙሉ። ሲያብብ ማሳውን ዙር፣ ጤነኛና ጎረቤቶቹም ጤነኛ የሆኑለትን እግር ሁሉ ችካል ትከልበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ፤ ያመመው ካለ ችካሉን ንቀል። የቀሩትን ከሌላው በፊት ለብቻ ቆፍር፤ ዘርህ እነሱ ናቸው። ላብራቶሪ የምትወስደውም ከእነዚሁ ላይ ብትቆርጥ ብርህ ሥራ ይሠራል። አብዛኛው ከታመመ ግን ሁሉንም ለገበያ አውጣውና ንጹሕ ዘር ግዛ። የሚበላውን ሰው ምንም አያደርገውም።

የመናገሻው ጀማሪ፦
አበባው ጀምሯል። ለችካል የባሕር ዛፍ ጭራሮ ሞልቷል። ነገ መጀመሪያ እደውላለሁ፤ ከተቀበሉኝ ከሰፈር ለስላሳ ሻጭ የበረዶ ሳጥን እለምናለሁ።