ድምፃችሁን ስጡን ካሉ በኋላ ለምን ይቆጡናል?

የለንደኗ፦

የዳንስ ውድድሩን አሸናፊ ዳኞች ብቻ ይምረጡ፣ የሕዝብ ድምፅ ይቅር የሚለው ሐሳብ በዚህ ቡድን በተነሳ ቁጥር ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን የሆዴን ልናገር። በእንግሊዝ አገር ከ2004 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በቢቢሲ የሚታየው ‹ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ› ሥርዓቱ ግልጽ ነው። አንድ ታዋቂ ሰው ከባለሙያ ጋር ተጣምሮ ይደንሳል። አራት ዳኞች እያንዳንዳቸው ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ። ተመልካቹም ድምፁን ይሰጣል፤ የሁለቱ ወገን ደረጃ ተደምሮ ከታች የቀሩት የመሰናበት አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ይህን ሥርዓት ያወጡት እነሱ ናቸው፣ እኛ አይደለንም።

በ2010 መጸው በለንደን ዳርቻ አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ወደ ዘጠና የሚጠጉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ቅዳሜ ማታ ዳንሱን፣ እሑድ ማታ ደግሞ ያን ጊዜ በአይቲቪ የጀመረውን ‹ዳውንተን አቢ› የተባለ የመኳንንት ቤት ድራማ አብረን እናያለን። በመጀመሪያው ክፍል አንድ አሽከር የጌታው እጅ በቀለም እንዳይጠቁር ጋዜጣውን በካውያ ሲተኩስ ይታያል። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ይህ እውነት ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው «የገረዶቹ እጅ ግን ውሸት ነው» አሉና የራሳቸውን እጅ ዘረጉልኝ። በአሥራ አራት ዓመታቸው በአንድ ትልቅ ቤት ተቀጥረው ነበር። ገና ሳይነጋ ተነስተው የምድጃውን አመድ ያወጣሉ፣ ብረቱን በጥቁር ቅባት ይወለውላሉ፣ ከዚያ ደረጃውን በሶዳ ውሃ ይፈትጋሉ። ከሰባ ዓመት በኋላ እንኳ በቀኝ አውራ ጣታቸው ጎን ቆዳው ተሰንጥቆ የዳነበት ነጭ መስመር ይታይ ነበር።

በዚያው ዓመት ለውድድሩ የቀረበችው አን ዊዴኮም የ63 ዓመት የቀድሞ ሚኒስትር ዴኤታ ነበረች። መደነስ አትችልም ነበር፤ ጥንዷ አንቶን ዱ ቤክ ወለሉ ላይ የጎተታት ጊዜ ነበር። ዳኞቹ ዝቅተኛውን ነጥብ እየሰጧት ሕዝቡ አሥር ሳምንት ያህል አቆያት። የእኔዋ አሮጊት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው፣ ቁጥሩን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንድ በአንድ እያነበቡ፣ በዚያው ጣት ስልኩን ይጫኑላት ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንደማትችልማ እኔም አያለሁ። ግን በዚህ ዕድሜዋ ሰው ፊት ወጣች» አሉኝ።

እኚህ ሴት ተሳስተዋል የሚለኝ ካለ ይንገረኝ። ‹ዳውንተን አቢ› ማንንም ድምፅ አልጠየቀም። በ2012 የገና ዕለት የድራማው ገጸ ባሕርይ ማቲው ክሮሊ ልጁ በተወለደበት ቀን በመኪና አደጋ ሲሞት የስንቱ ቤት በዓል ደፈረሰ። ተዋናዩ ዳን ስቲቨንስ ልልቀቅ ብሎ ስለነበር ደራሲው ጁሊያን ፌሎውስ መላ አጣ። አለቀስን፣ ተናደድን፣ መብታችን ተነካ ግን አላልንም፤ ድራማው የደራሲው ነውና። ውድድሩ ግን ድምፅ ስጡ፣ ምረጡ እያለ ይለምነናል። ለምኖ የተሰጠውን መልሶ መናቅ ነውር ነው።

የዳንስ መምህሩ፦

እህቴ፣ ስለ አሮጊቷ የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል፤ ነገር ግን በሐሳብሽ አልስማማም። እኔ አዲስ አበባ በቴአትር ቤት ተወዛዋዥ ነበርኩ፤ አሁን ልጆች አስተምራለሁ። በአገራችን ተወዛዋዥ ማለት ትከሻውን ከተፈጥሮ ያገኘ፣ ሲፈልግ ተነስቶ የሚጫወት ሰው ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ስንት ሰዓት እንደሚለማመድ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ተቀምጠው «ይህ ስህተት ነው፣ ይህ ትክክል ነው» ሲሉ በቴሌቪዥን ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዋልትዝን ብቻ እንውሰድ። በሦስት ምት ነው የሚሄደው። ወደፊት የሚራመደው እግር በተረከዝ ይጀምራል፣ ሰውነቱ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ጉልበት ላልቶ ይወርዳል። የሁለቱ ክንድና ትከሻ እንደ አንድ ሰው መያዝ አለበት፤ ክርናቸው ከወረደ መሪው ያሰበው ወደ ተከታዩ አይደርስም። ይህን ለማግኘት ወራት ያስፈልጋል። አንዱ ተወዳዳሪ በሳምንት ውስጥ እግሩ እስኪያብጥ ተለማምዶ ይመጣል፤ ሌላው ተጎትቶ ይወጣል፤ ሕዝቡ የተጎተተውን አቆይቶ የለፋውን ይሸኛል። የለፋው ምን ይበል? ድምፅ የሰጡት ሴት ደግ ሴት ናቸው። ደግነታቸው ግን የሌላውን ሰው ላብ ዋጋ አሳጣው።

የሊድሷ እናት፦

ጋሼ፣ ተጎትተው የወጡትን ብቻ ለምን ይቆጥራሉ? በ2021 ያሸነፈችው ሮዝ አይሊንግ-ኤሊስ መስማት የተሳናት የመጀመሪያዋ ተወዳዳሪ ነበረች። በኅዳር አንድ ምሽት ከጆቫኒ ፐርኒስ ጋር እየደነሱ ሳለ ሙዚቃው በድንገት ተቋረጠ። እነሱ ግን አላቋረጡም፤ በጸጥታው ውስጥ ምቱን ጠብቀው ቀጠሉ። በቤቴ ማንም አልተነፈሰም። የእኔ ትንሿ ልጅ ጆሮ መስሚያ ታደርጋለች፤ በማግስቱ ጠዋት ፀጉሯን ሁልጊዜ ጆሮዋ ላይ እንደምትለቀው ሳይሆን ወደኋላ ሰብስባ አስራ ትምህርት ቤት ሄደች። አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

በ2024 ደግሞ ዓይነ ስውሩ ኮሜዲያን ክሪስ ማክኮስላንድ ከዳያን ባስዌል ጋር አሸነፈ። እርምጃውን አይቶ መቅዳት ስለማይችል በመዳሰስና በቃል ነው የተማረው። በፍጻሜው የዳኞች ነጥብ እንደ ምክር ብቻ ነው፤ አሸናፊውን የሚመርጠው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ አያውቅም የሚሉ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ማን እንደመረጣቸው ያስቡ።

ሒሳብ ወዳዱ፦

ስለ ስሜት ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር፤ የሕዝብ ድምፅ ዋጋ የሚያጣው በዳኞች ቁጣ ብቻ ሳይሆን በአቆጣጠርም ነውና። በዲሴምበር 2008 ግማሽ ፍጻሜ ሦስት ጥንዶች ቀርተው ነበር። ሬቸል ስቲቨንስና ሊሳ ስኖውደን በዳኞች ዘንድ እኩል አንደኛ ወጡ፤ እንደ ደረጃቸው ሁለቱም ሦስት ሦስት ነጥብ ተሰጣቸው። ሦስተኛ የወጣው ቶም ቻምበርስ አንድ ነጥብ አገኘ። ሕዝቡም እንዲሁ ለአንደኛው ሦስት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ ይሰጣል። አሁን ደምሩት። ቶም በሕዝቡ አንደኛ ቢወጣ እንኳ አራት ይሆናል። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ በሕዝቡ ሁለተኛ ስለምትሆን አምስት ይኖራታል። በቀጥታ ወደ ፍጻሜው የሚያልፈው አንድ ጥንድ ብቻ፣ የቀሩት ሁለቱ በድጋሚ ደንሰው ዳኞች የሚለዩአቸው ስለሆነ፣ ቶም ከድጋሚው የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረም። ለእሱ የደወለው ሰው ሁሉ ለከንቱ ደውሏል ማለት ነው።

ይህ የታወቀው ስርጭቱ በቀጥታ እየተላለፈ ነው። ቢቢሲ የዚያን ምሽት ስንብት ሰርዞ ሦስቱንም ወደ ፍጻሜው አሳለፈ፤ ድምፁም ወደዚያው ተዛወረ። ከዚያ ማን አሸነፈ? ቶም ቻምበርስ። እኔ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው፤ ሕዝቡን ከመውቀሳችን በፊት የአቆጣጠሩን ሕግ እንመርምር።

የዳንስ መምህሩ፦

ቁጥሩን አልክድም። በዚያው በ2008 ጆን ሰርጀንትም ነበር፤ የፖለቲካ ጋዜጠኛ፣ ስልሳ አራት ዓመቱ። ከሳምንት ሳምንት ሕዝቡ ሲያሳልፈው፣ የተሻሉት ሲሰናበቱ፣ በኖቬምበር ራሱ ተነስቶ ተወ። ባሸንፍ ቀልዱ ከመጠን ያልፋል ማለቱ ነበር። ተወዳዳሪው ራሱ የተሸከመው ድምፅ ከብዶት ከሄደ፣ እኔ ስናገር ለምን ትቆጡኛላችሁ?

የለንደኗ፦

ከብዶት የሄደው ድምፃችን ነው ወይስ የዳኞቹ ቁጣ? በየሳምንቱ ፊት ለፊቱ ሲያብጠለጥሉት የነበሩት እኛ አልነበርንም። ደግሞም በውሳኔው ብዙ ተመልካች አዝኖ ነበር፤ ድምፁን የሰጠው ሰው ማንም ሳያማክረው እጁ ላይ ቀረበት።

ታሪክ አንባቢው፦

ስለ ድራማው ማንም አልመለሰም፤ እኔ ግን ሁለቱ ጉዳዮች የአንድ ክርክር ሁለት ጫፍ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ‹ዳውንተን አቢ› የሚጀምረው በኤፕሪል 1912 ነው። ታይታኒክ ሰጠመች የሚል ቴሌግራም ይመጣል፤ የቤቱ ወራሾች አብረው ሞተዋል። ጌታው ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ርስቱ ግን በወንድ ብቻ ስለሚተላለፍ አንዷም አትወርስም። ድራማው በ1925 ማብቂያ ይዘጋል። በመካከሉ፣ በ1918፣ የብሪታንያ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለፓርላማ ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ መሆን ነበረበት፤ የንብረት መመዘኛም ነበረው። በሰው ቤት የምትኖር ወጣት ገረድ እስከ 1928 ድረስ መጠበቅ ነበረባት። ያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው ምክንያት ምን ነበር? «አታውቅም፣ በስሜት ትመርጣለች» የሚል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ግዌን የምትባል ገረድ በስውር የጽሕፈት መኪና ገዝታ ጸሐፊ ለመሆን ስትማር ትታያለች። መኪናው ሲገኝባት ቤቱ ሁሉ ይነጋገርበታል፤ እሷ ግን ያደረገችው የራሷን መንገድ መፈለግ ብቻ ነው። ድራማው ያንን በሚገባ አሳይቷል። በሌላው ግን የእህታችንን አሮጊት እደግፋለሁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብሪታንያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች በሰው ቤት ያገለግሉ ነበር፤ ሁሉም እንደ ሎርድ ግራንታም ያለ አዛኝ ጌታ አልገጠማቸውም። የድራማው ጌታ ለወጥ ቤቷ የዓይን ሕክምና ራሱ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ጌታ አልነበረም አልልም። ግን ስድስት ተከታታይ ሙሉ ደግነቱን ስናይ ያ ሥርዓት ራሱ ደግ እንደነበር ማመን እንጀምራለን፤ ይህ ያሳስበኛል።

የዳንስ መምህሩ፦

ወንድሜ፣ ዳንስ ፓርላማ አይደለም። ፓርላማ በሕይወቴ ላይ ይወስናል፤ ስለዚህ ድምፅ ይገባኛል። የዋልትዝ ተረከዝ ግን ያለ ዕውቀት አይዳኝም። ሐኪም በድምፅ ብልጫ አንመርጥም።

የሊድሷ እናት፦

ተመልካች አያይም አትበሉ እንጂ። በ2010 የድራማው የመጀመሪያ ክፍሎች ሲተላለፉ በ1910ዎቹ መንደር ውስጥ የቴሌቪዥን አንቴናና በመንገዱ ዳር ሁለት ቢጫ መስመር ያገኙት እቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። በ2014 ለማስተዋወቂያ በወጣ ፎቶግራፍ ላይ ከምድጃው በላይ የተረሳውን የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስም ያየው ይኸው ሕዝብ ነው። ስንት ባለሙያ በዚያ ፎቶግራፍ አልፏል።

የለንደኗ፦

የሐኪሙ ምሳሌ አይሠራም፤ ሐኪም ታማሚውን «ድምፅህን ስጠኝ» ብሎ አይለምንም። ዳኞች ብቻ ይወስኑ ከተባለ ይሁን፤ የድምፅ መስጫውን ያንሱት፣ የሙያ ውድድር ነው ይበሉ፤ እኔም ባለሙያዎቹን ቁጭ ብዬ አያለሁ። ድምፅ እስከተጠየቀ ድረስ ግን የተሰጠው ሁሉ ይቆጠር፣ የሰጠውም አይሰደብ።

ዊዴኮም የተሰናበተች ሰሞን ጠዋት መድኃኒታቸውን ልሰጥ ስገባ የእኔዋ ሴት የጠየቁኝ ስለ ውጤቱ አልነበረም። «የእኔንም ቆጥረውት ነበር?» ነው ያሉኝ። አዎ፣ ቆጥረውታል አልኳቸው። እንደዚያ ባልኩ ጊዜ እርግጠኛ መሆን ፈልጌ ነበር።

የዳንስ መምህሩ፦

ለእሳቸው ስል አንዱን እቀበላለሁ፤ ፍጻሜው የሕዝቡ ይሁን። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ግርጌ የቀሩት ሁለቱ እንደገና ሲደንሱ ዳኞች የሚለዩበት ሥርዓት መቅረት የለበትም። በ2010 እኮ ያ ሥርዓት ተነስቶ ነበር፤ የዊዴኮም ሳምንታት የረዘሙት በዚያ ምክንያት ጭምር ነው። በ2012 መልሰው ያመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ላይ ነገ እመለስበታለሁ፤ አሁን ልጆቹ ለልምምድ መጥተዋል።