ከቨር ውስጥ የነበረ አዲስ ስልክ ጠርዙ ተልጦ አገኘሁት፣ ኖርማል ነው?

ሄሉ_መገናኛ፦
ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ አዲስ ፓክድ ስልክ ይዞልኝ መጣ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው ፍሬሙ አልሙኒየም። ገና ብዙም አልቆየም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከቨር ውስጥ ነው ያለው፣ ወድቆብኝም አያውቅም። ትላንት ላጽዳው ብዬ ከቨሩን ሳወልቀው ካሜራው ጋ ከፍ ያለው ቦታ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብርማ ሆኗል፣ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ዙሪያም እንደዛው ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ብቻ የሚታዩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ሻጩ ለወንድሜ ይሄ መስታወት አይጫርም ስላለው ፕሮቴክተር አላስለጠፍንበትም።

ይሄ የፋብሪካ ችግር ነው ወይስ ያለ ነገር ነው? ዋራንቲ ይሸፍነዋል? ቀለሙን የሚመልስ ሰውስ አለ? ጓደኛዬ ስክሪኑን በጥርስ ሳሙና እሺው ይጠፋል አለችኝ ግን ፈራሁ። ወደፊት ሸጬ ልቀይረው ስለማስብ ዋጋ ይቀንስብኛል ወይ የሚለውም አሳስቦኛል። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል ግን ወንድሜ ለፍቶ ያመጣልኝ ስለሆነ በደንብ ልይዘው ነው የምፈልገው።

ጥገና_ፒያሳ፦
እህቴ የጥርስ ሳሙናውን በጭራሽ እንዳትነኪው። ውስጡ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለው፣ የስልክ መስታወት ጭረት ግን አያጠፋም፣ የሚያጠፋው ላዩ ላይ ያለውን ቅባት የማያስይዝ ስስ ሽፋን ነው። እሱ አንዴ ከለቀቀ ስክሪኑ የጣት አሻራ እየያዘ ያስቸግርሻል፣ ጣትሽም እንደ በፊቱ አይንሸራተትም። እንዲህ አድርገው የሚመጡ ሰዎች አሉ፣ ጭረቱም እዛው ነው መስታወቱም ደብዝዟል።

ወደ ፍሬሙ ስንመጣ፣ ያ ሰማያዊ ነገር እንደ መኪና ቀለም የተቀባ አይደለም። አልሙኒየሙን አሲድ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ ሲለቁበት የራሱ ገጽ ወደ አልሙኒየም ኦክሳይድ ይቀየራል፣ እዛ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ፣ ቀለሙ እነሱ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፣ አኖዳይዚንግ የሚባለው ይሄ ነው። ኦክሳይዱ በጣም ጠንካራ ነው ግን በማይክሮን የሚለካ ስስ ነገር ነው፣ ከስሩ ያለው አልሙኒየም ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ስለዚህ የድፎ ዳቦ ቅርፊት ሲጫኑት እንደሚሰነጠቀው ሹል ነገር ሲያገኘው ስሩ ይሰረጉድና ላዩ ተሰብሮ ይነሳል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ሹል ጠርዝ ነው። ሽፋኑ ከገጹ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ስለሚያድግ ማዕዘን ላይ ከሁለቱም በኩል የመጣው በደንብ አይገጥምም፣ እዛ ቦታ ላይ ደካማ ነው። ያንቺ ካሜራው ጠርዝና የቻርጀሩ ቀዳዳ አፍ ላይ የታየው ለዚህ ነው፣ ጎኑ ግን ደህና እንደሆነ እገምታለሁ።

ቀለሙን መመለስ አይቻልም። እንደገና አኖዳይዝ ለማድረግ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ ባዶ ብረቱ መቅረት አለበት። ቦዲ ይቀየርልሽ የሚልሽ ካለ እሺ እንዳትዪ፣ ለአንድ ጭረት ብለሽ አዲስ ስልክ ካስከፈትሽ ውሃ መከላከያው ማሸጊያ ይሄዳል፣ የተከፈተ ስልክ ደግሞ ገዢ ወዲያው ያውቀዋል። የጥፍር ቀለም የሚቀቡም አሉ፣ ከጭረቱ የባሰ ያስጠላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ዋራንቲውን በተመለከተ አትልፊ፣ የአብዛኞቹ ኩባንያዎች የዋራንቲ ጽሑፍ ጭረትና መሰርጎድን በግልጽ ያስወጣል፣ የአፕልም እንደዛው ነው፣ የእቃ ወይም የአሠራር ጉድለት መሆኑ ካልታየ በስተቀር። እዚህ አሜሪካ ሱቅ ድረስ ሄደው የተከራከሩ አውቃለሁ ግን ኖርማል ዌር ነው ተብለው ነው የተመለሱት።

ነገሩ አዲስም አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2012 አይፎን 5 ሲወጣ ጥቁሩ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ የተጫረ ነው ብለው ብዙ ሰዎች ጮኸው ነበር፣ ያኔ የአፕል የማርኬቲንግ ኃላፊ የነበረው ፊል ሺለር ለአንድ ደንበኛ በኢሜይል የመለሰው አልሙኒየም በአጠቃቀም ተጭሮ የተፈጥሮ ብርማ መልኩ ሊወጣ ይችላል ይሄ ኖርማል ነው ብሎ ነው። በዓመቱ 5ኤስ ሲመጣ ያ ጥቁር ቀርቶ ነጣ ያለ ግራጫ ሆነ። በ2016 ደግሞ የአይፎን 7 አንጸባራቂው ጥቁር ነበር፣ እሱን ራሱ ኩባንያው ድረገጹ ላይ ደቃቅ ጭረት ሊታይበት ይችላል ካሳሰባችሁ ከቨር ተጠቀሙ ብሎ ጽፎ ነበር የሸጠው። በ2025 አይፎን 17 ፕሮ ከታይታኒየም ወደ አልሙኒየም ተመልሶ ሲመጣ ያው ወሬ ተነሳ፣ ሱቅ ውስጥ ለእይታ የተቀመጡት ጥቁር ሰማያዊዎቹ ጀርባቸው ላይ ክብ ምልክት ታየባቸው። አፕል እሱ ያረጀው የቻርጀር ማቆሚያ የተወው ቅሪት ነው ሲጸዳ ይለቃል አለ፣ የካሜራው ጠርዝ ግን እውነትም ይላጣል፣ ስልክ እየፈቱ የሚመረምሩት አይፊክስኢቶች በማይክሮስኮፕ አሳይተውታል። እኔን የሚያናድደኝ ጠርዙን ትንሽ ክብ ቢያደርጉት ኖሮ ችግሩ ይቀንስ ነበር፣ ይሄን ሁሉ ብር ለሚከፍል ሰው ያን ማሰብ ነበረባቸው። ደግሞ በጥቁርና በጥቁር ሰማያዊ ነው የሚያስታውቀው፣ ብርማውን የገዛ ሰው ቢላጥበትም አያየውም።

ድንጋይ_አንባቢ፦
ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፣ ስለ ስክሪኑ ልጨምር። ብዙ ሰው ቁልፍና ሳንቲም ነው የሚፈራው፣ እውነተኛው ጠላት ግን አቧራ ነው። የማዕድን ጥንካሬ የሚለካበት ከ1 እስከ 10 የሆነ የሞህስ መለኪያ አለ፣ የስልክ መስታወት 6 አካባቢ ነው፣ የቤት ቁልፍና ሳንቲም ከዛ በታች ናቸው፣ አሸዋና አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቁልፍ ዘለላ ሁሉ ትብሳለች። ቁልፍ ጭሮብኝ ነው የሚሉትም ብዙ ጊዜ በቁልፉና በመስታወቱ መሀል የገባችው አሸዋ ናት የጫረችው። አይጫርም የሚባል የስልክ መስታወት የለም። እነ ጎሪላ ግላስ የሚባሉት የስልክ መስታወቶች የሚጠነክሩት በጋለ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ተነክረው ነው፣ ትንሿ ሶዲየም ከመስታወቱ ወጥታ ትልቋ ፖታሲየም ስትገባ ላዩ ተጨምቆ ይታመቃል፣ ይሄ በዋናነት ሲወድቅ እንዳይሰበር ይረዳል፣ ኳርትዝን ግን አያሸንፍም። ፕሮቴክተር ላይ 9ኤች ተብሎ የሚጻፈውም የእርሳስ ጥንካሬ ፈተና ነው፣ ሞህስ 9 ማለት አይደለም፣ እንደዛ ቢሆን ሞህስ 9 እንደሆነው እንደ ሰንፔር ድንጋይ ይጠነክር ነበር።

ከቨር ውስጥ ሆኖ እንዴት ተጫረ ላልሽውም መልሱ ይሄው ነው። አዲስ አበባ አሁን ግንባታው ብዙ ነው፣ አቧራው በከቨሩ ቀዳዳዎች ይገባና እዛው ይቀራል፣ ስልኩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙን ይፈገፍገዋል። ከቨሩን ቶሎ ቶሎ እያወለቅሽ በውሃ እጠቢው፣ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሺው። ስክሪኑን በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ ከመጥረግሽ በፊት እፍ በይበት፣ አቧራ ያለበትን ደረቅ መስታወት ማሸት በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ማለት ነው።

ያለከቨር፦
እኔ በከቨሩ ነገር አልስማማም። ስልክ መገልገያ ነው፣ ያን የመሰለ ቀለም መርጠሽ ገዝተሽ በወፍራም ጎማ ሸፍነሽ ለሚቀጥለው ገዢ ማቆየት ምን ይጠቅማል? የኔ አራቱም ማዕዘኑ ተላጧል፣ ምንም የቀነሰው አገልግሎት የለም።

ስልክ_ሻጭ_22፦
ወንድሜ፣ ስልኩ እስኪሞት ድረስ ለሚይዘው ሰው ያልከው ልክ ነው፣ እሷ ግን እሸጠዋለሁ ብላለች። እኛ ጋ ስላይትሊ ዩዝድ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ባትሪ ሄልዙን፣ ስክሪኑ ኦርጅናል መሆኑንና ተከፍቶ እንደሆነ ነው። ጠርዝ ላይ ያለ ጭረት ለመደራደሪያ ያነሱታል፣ ትንሽ ያስቀንሳል፣ ስልኩን ግን አይጥለውም። ስክሪን ላይ በጥፍር የሚያዝ ጥልቅ ጭረት ካለ ነው ዋጋው በደንብ የሚወርደው። ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊው ጭረቱን አቅርበሽ አንሺው፣ ገዢው መጥቶ ራሱ ካገኘው ሌላም የደበቅሽው አለ ብሎ ነው የሚጠራጠረው።

ሄሉ_መገናኛ፦
በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ እውነት ለመናገር ወንድሜ የተታለለ መስሎኝ ነበር። መስመሮቹን በጥፍሬ ሞከርኳቸው አይያዙም። አሁን ፕሮቴክተር ባስለጥፍበት ጥቅም አለው ወይስ አልፏል?

ጥገና_ፒያሳ፦
አላለፈም እህቴ። ጥፍር የማይይዘው ከሆነ የፕሮቴክተሩ ማጣበቂያ ስለሚሞላው ከተለጠፈ በኋላ ብዙም አይታይሽም። ብቻ በፈሳሽ ሙጫና በዩቪ መብራት የሚለጠፈውን አትምረጪ፣ ፈሳሹ ስፒከር ውስጥ ሲገባ አይተናል። ተራው ግላስ ይበቃሻል፣ ሲለጥፉልሽ መጀመሪያ በአልኮል መጥረጊያ ጠርገው አቧራውን በስቲከር ማንሳታቸውን ቆመሽ እዪ።