ካቴተር ካለው ታካሚ የተላከ የሽንት ካልቸር «ይደገም» እየተባለ ይመለሳል፦ የት ላይ ነው የሚበላሸው?

ተረኛ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቋሚ ካቴተር (ፊኛ ውስጥ ገብቶ ሽንትን በማፍሰሻ ቱቦ በኩል ወደ ከረጢት የሚያወርድ ቀጭን መስመር) ላላቸው ታካሚዎች የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ የመለየት ምርመራ) ሲታዘዝ ውጤቱ ብዙ ጊዜ «የተለያዩ ባክቴሪያዎች በአንድ ላይ በቅለዋል፣ ናሙናው ይደገም» ተብሎ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ አወሳሰዱ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ከከረጢቱ ማፍሰሻ ይቀዳል፣ ሌላው ካቴተሩን ከቱቦው አላቆ ያንጠባጥባል፣ ሌላው በሲሪንጅ ይስባል። ትክክለኛው የቱ ነው? ስንት ሚሊ ሊትርስ ይበቃል? በዚያው ሁለት ልጨምር፦ የ24 ሰዓት ሽንት መቆጠር የሚጀምረው ከየትኛው ሽንት ነው? የሰገራ ምርመራና ኤኒማ (በፊንጢጣ ፈሳሽ አስገብቶ አንጀትን ማጠብ) ለአንድ ታካሚ አብረው ሲታዘዙስ የቱ ይቅደም?

የዋርድ ሲስተር፦
ከከረጢቱ የተቀዳ ሽንት ለካልቸር አይሆንም፣ በቃ። እዚያ ያለው ሽንት ለሰዓታት በክፍል ሙቀት ቆይቷል፤ ጥቂት የነበረው ባክቴሪያ ተራብቶ ብዙ ሆኖ ይቆጠራል፣ ማፍሰሻው ላይ የነበረውም አብሮ ይገባል። ካቴተሩን ከቱቦው ማላቀቅ ደግሞ ይብሳል። ዝግ የነበረውን መስመር ትከፍቱታላችሁ፤ ኢንፌክሽን ለመፈለግ ተብሎ ኢንፌክሽን ይገባል።

ናሙናው የሚወሰደው ቱቦው ከካቴተሩ ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው የናሙና ፖርት (በሲሪንጅ የሚሳብበት ቦታ) ነው። በመጀመሪያ ፖርቱ አካባቢ ሽንት መኖሩን እዩ፤ ካለ ክላምፕ አያስፈልግም። ከሌለ ከፖርቱ በታች ቱቦውን በክላምፕ (በመቆንጠጫ) ያዙት። 15 ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፣ ከ30 ደቂቃ ግን አይለፍ። ካቴተሩን ራሱን አትቆንጥጡት፤ የሚያዘው ቱቦው ነው።

ከዚያ እጅ መታጠብ፣ ጓንት። ፖርቱን በአልኮል ቢያንስ ለ15 ሰከንድ ፈትጉትና እስኪደርቅ ጠብቁ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን መጠበቅ ነው፤ አልኮል የሚሠራው እየደረቀ ሳለ ነው፣ እርጥብ ሆኖ ከገባ ደግሞ ወደ ናሙናው ሊቀላቀል ይችላል። በስቴራይል (ከጀርም ነጻ በሆነ) ሲሪንጅ ለካልቸር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለመደበኛ የሽንት ምርመራ ቢያንስ 10 ይኑር። ሁለቱም ከታዘዙ በቅድሚያ ወደ ስቴራይሉ ዕቃ ጨምሩ፣ የሲሪንጁ ጫፍ የዕቃውን ከንፈር ሳይነካ። ክዳኑን ስታስቀምጡ ውስጡ ወደ ላይ ይሁን።

ወዲያው ክላምፑን ፍቱ። ተረስቶ የቀረ ክላምፕ ፊኛን ይወጥራል፣ ሽንቱም ወደ ኩላሊት ሊመለስ ይችላል፤ «ሽንት አቆመ» ተብሎ ሐኪም ከመጠራቱ በፊት መታየት ያለበት እሱና የታጠፈ ቱቦ ነው። ስሙን፣ የካርድ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እዚያው አልጋው አጠገብ ጻፉ።

አንድ ማሳሰቢያ። ፖርት የሌለው ቱቦ ሲያጋጥም ካቴተሩን በመርፌ መውጋት በአንዳንድ ቦታ ይታያል። ሲሊኮን ካቴተር ከተወጋ በኋላ አይገጥምም፣ ያፈሳል። መርፌው ካቴተሩን ፊኛ ውስጥ ወደሚይዘው በውኃ የተሞላ ባሉን የሚሄደውን መስመር ከወጋው ደግሞ ውኃው ይወጣና ካቴተሩ ራሱ ይወልቃል።

ከላብራቶሪ በኩል፦
ሲስተር ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። ግን በደንብ ተወስዶም የሚበላሽ ናሙና አለ፤ ሁለት ምክንያት ልጨምር።

አንደኛው ጊዜ ነው። ሽንት በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ካልተቻለ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባለው ፍሪጅ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ተወስዶ ጠረጴዛ ላይ ውሎ ከሰዓት የሚደርስ ዕቃ ለእኛ ከከረጢት ከተቀዳው ብዙም አይለይም።

ሁለተኛው የካቴተሩ ዕድሜ ነው። ካቴተሩ ከገባ ከ2 ሳምንት በላይ ከሆነው ግድግዳው ላይ ባክቴሪያዎች የሠሩት ስስ ሽፋን ይኖራል። ፖርቱን የቱንም ያህል ብትፈትጉት የምትስቡት ሽንት በዚያ ሽፋን ላይ አልፎ የመጣ ነው፤ የተቀላቀለ ዕድገት የሚበዛውም እዚህ ነው። ካቴተሩ አሁንም የሚያስፈልግ ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ ይቀየርና ናሙናው ከአዲሱ ይወሰድ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት።

ቅጹ ላይ «ከካቴተር» ብላችሁ ጻፉልን። በራሱ ከሸና ሰው የመሃል ሽንት ላይ የተለመደው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ ነው፤ ካቴተር ያለውና ምልክት ያሳየ ታካሚ ላይ ግን 1,000ም ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ካልተጻፈልን በምን እንደምንመዝነው አናውቅም።

ደግሞ ሽንቱ ደፈረሰ ወይም ሸተተ ብቻ ተብሎ ካልቸር አይላክ። ካቴተር ለአንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የማይገኝበት ታካሚ የለም ማለት ይቻላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የአእምሮ መዛባት ካለ ነው ካልቸሩ የሚጠቅመው።

የማታ ተረኛ፦
የ24 ሰዓቱን እኔ ልመልስ። የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ታካሚው ይሽና፣ ሽንቱ ይደፋ፣ «1 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። ያ ሽንት ሌሊት የተሠራ ነው፣ የእኛ 24 ሰዓት ውስጥ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ይጠራቀማል፤ በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ባይመጣበትም እንዲሸና ይደረግና ያ የመጨረሻው ይጨመራል። የመጀመሪያውን ያስቀመጠ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል፣ የመጨረሻውን የረሳ ዝቅ ያደርገዋል።

በመሃል አንድ ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ከፈሰሰ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል፤ «ትንሽ ነበር» ብሎ ማለፍ የለም። ስለዚህ ማስታወሻ አልጋው ላይም ሽንት ቤቱ በር ላይም ይለጠፍ፣ ታካሚውም ሰገራ ከመቀመጡ በፊት እንዲሸና ይነገረው። ዕቃው በበረዶ ወይም በፍሪጅ ይቆይ። አንዳንድ ምርመራ አሲድ ያለበት ዕቃ ይፈልጋል፤ በቀጥታ እዚያ ውስጥ አይሸናም፣ ቆዳ ያቃጥላል። በሌላ ንጹሕ ዕቃ ተቀብሎ ቀስ ብሎ መገልበጥ ነው። ካቴተር ላለው ታካሚ በመነሻው ሰዓት ከረጢቱን ባዶ አድርጉት፤ ከዚያ ከረጢቱ በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ ከፊኛ ዝቅ ብሎ፣ ወለል ሳይነካ።

ሽንቱ ተሟልቶ እንደሆነ በክሬቲኒን (ከጡንቻ መጥቶ በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ) ይታወቃል። ወጣት አዋቂ ወንድ በቀን በኪሎ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ሴት ከ15 እስከ 20 ታስወጣለች፤ በዕድሜ ጡንቻ ሲቀንስ ይቀንሳል። ከዚህ በጣም ያነሰ ከመጣ ከኩላሊት በፊት አጠራቀሙን ጠርጥሩ።

የዋርድ ሲስተር፦
ሰገራው ይቅደም። ከኤኒማ በኋላ የሚመጣው በውኃና በሳሙና የተበረዘ ነው፤ ለጥገኛ ተውሳክ ምርመራ አይረባም። ፈሳሽ ሰገራ ከሆነ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይድረስ፣ ፍሪጅ አይግባ፤ የሚንቀሳቀሰው አሜባ ሲቀዘቅዝ ይሞታልና በማይክሮስኮፕ አይለይም። ሽንት አይቀላቀልበት፣ ከሽንት ቤት ውኃ ውስጥም አይነሳ። ባሪየም (ለራጅ ምርመራ የሚሰጥ ነጭ ፈሳሽ) የወሰደ ታካሚ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠበቅ።

በዓይን የማይታይ ደም በጓያክ ካርድ (ደም ሲኖር ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣ የምርመራ ካርድ) የሚፈለግ ከሆነ ዝግጅቱ ቀናት ቀድሞ ይጀምራል። ለ3 ቀን ቀይ ሥጋ አይበላም፣ ምክንያቱም የሥጋው ደም በሐሰት ፖዘቲቭ ያደርጋል። ቫይታሚን ሲ በቀን ከ250 ሚሊ ግራም በላይ ከተወሰደ ግን ተቃራኒው ይሆናል፦ ደም እያለ ሰማያዊው ቀለም አይወጣም። ይህ ነው የሚያሳስበው፣ ማንም አይጠረጥረውምና። ናሙናው ከሰገራው ሁለት የተለያየ ቦታ ይነሳ፤ በወር አበባ ጊዜ አይሠራም።

ኤኒማው ላይ ብዙ አልልም። በግራ ጎን፣ ቀኝ ጉልበት ታጥፎ። ውኃው ከ40 እስከ 43 ዲግሪ፣ ለአዋቂ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ሊትር፤ ቀዝቃዛ ቁርጠት ያመጣል፣ የበለጠ ሙቅ ያቃጥላል። ቱቦው አየሩ ወጥቶ፣ ጫፉ ተቀብቶ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ እምቢ ካለ አይገፋም። ከረጢቱ ከፊንጢጣ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቁርጠት ሲመጣ ዝቅ ማድረግ ወይም ለጊዜው መዝጋት ነው። «እስኪጠራ ድረስ» የሚል ትእዛዝ ካለ ከ3 ጊዜ በኋላ ቆማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ተራ ውኃ ሲደጋገም ወደ ሰውነት ይገባና ሶዲየም ያወርዳል። ፎስፌት ያለበት ዝግጁ ኤኒማ ደግሞ ኩላሊታቸው ለደከመና ለአረጋውያን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱ ሳይከፈት ካርዱ ይታይ።

ተረኛ ነርስ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁሉም ግልጽ ነው። አንድ ብቻ ቀረኝ፦ ክላምፕ ጭራሽ የማይደረግላቸው ታካሚዎች አሉ?

የማታ ተረኛ፦
አሉ፣ እህቴ። የፊኛ ወይም የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያደረጉና ፊኛቸው ያለማቋረጥ እየታጠበ ያሉ፦ ክላምፕ ከተደረገ የሚገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ የተሰፋውንም ይወጥራል። እነሱ ላይ ናሙናውም በማጠቢያው የተበረዘ ስለሚሆን መቼና እንዴት እንደሚወሰድ ሐኪሙ ይወስን። ሌሎቹ አከርካሪያቸው ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ናቸው። ፊኛቸው ሲወጠር የደም ግፊት በድንገት ይወጣል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ፊት ይቀላል፣ ላብ ይመጣል፣ ልብ ምት ይቀንሳል። ይህን ካያችሁ ክላምፑን ፍቱ፣ ታካሚውን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ቱቦው መታጠፉን እዩ፣ ግፊቱን እየለካችሁ ሐኪም ጥሩ። እንዲህ ላለ ታካሚ ሽንቱ በራሱ ቱቦው ውስጥ እስኪጠራቀም መጠበቅ ይሻላል፤ ለካልቸር 3 ሚሊ ሊትር ከሆነ ብዙም አያስጠብቅም።

ከላብራቶሪ በኩል፦
3 ሚሊ ሊትር ካልሞላ 2ም ቢሆን ላኩልን፣ ካልቸሩን እናስቀድማለን። ቅጹ ላይ «ጥቂት ነው፣ ካልቸር ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት።