የኒውክሌር ጦርነት ቢነሳ ወደ እኛ የሚደርሰው በምን በኩል ነው?

የታሪክ መምህር (ደሴ)

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣

ባለፈው ሳምንት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ምዕራፍ ሳጠቃልል፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ የተጣሉት ሁለት ቦምቦች እስከዚያው ዓመት መጨረሻ 200,000 ያህል ሰው እንደፈጁ ነገርኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ከዚያ ወዲህ 80 ዓመት ሙሉ ያልተደገመው ሕግ ስለከለከለው ነው፣ ተፈራርተው ነው ወይስ እግዚአብሔር ጠብቆን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተፈራርተው ነው» ብዬ መለስኩላትና ደወሉ ተደወለ፤ ነገር ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ መልሴ እየከነከነኝ አደረ።

የከነከነኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በቀናት ውስጥ የኒውክሌር ኃይሏን በልዩ ተጠንቀቅ ላይ አዋለች። በሜይ 2025 ሁለቱም ባለ ኒውክሌር የሆኑት ሕንድና ፓኪስታን ለአራት ቀናት በሚሳኤልና በድሮን ተደባደቡ። በቀጣዩ ወር እስራኤልና አሜሪካ የኢራንን የኒውክሌር ተቋማት ደበደቡ። የአሜሪካንና የሩሲያን ለተኩስ ዝግጁ የሆኑ ረጅም ርቀት የኒውክሌር አረሮች ለእያንዳንዳቸው በ1,550 የገደበው ኒው ስታርት የተባለው ስምምነትም ዕድሜው እስከ ፌብሩዋሪ 2026 ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ እያየሁ «ተፈራርተው ነውና አትስጉ» ማለት ከበደኝ።

ሁለት ነገር እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ስጋቱ ከምር ነው ወይስ መሪዎች እርስ በርስ የሚያስፈራሩበት ቋንቋ ነው? ሁለተኛ፣ ተማሪዎቼ «እኛ ቦምብ የለን፣ ዒላማ አይደለን፣ ምን አገባን» የሚል ስሜት አላቸው፤ እንዲህ ያለ ጦርነት ቢነሳ አገራችን ላይ የሚደርሰው ጉዳት በምን በኩል እንደሚመጣ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ሻለቃ (በጡረታ)

መምህር፣ ለልጅቷ የሰጧት መልስ የሚያሳፍር አይደለም። በውትድርና ዘመኔ፣ የታጠቀ ሰው በታጠቀ ሰው ላይ ከመተኮሱ በፊት ደጋግሞ እንደሚያስብ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ደግሞ ከራሳችን ታሪክ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

በጦርነት የመርዝ ጋዝ መጠቀምን የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1925 ተፈረመ፤ ጣሊያንም በ1928 አጸደቀችው። ፊርማዋ ግን በ1935 እና በ1936 የፋሺስቱ ጦር በወገኖቻችን ላይ መርዝ ከመርጨት አላገደውም። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ባሰሙት ንግግር፣ አውሮፕላኖች ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ ሲረጩ ጭሱ እንደ ጉም ተያይዞ በወታደሩም፣ በሴቱም፣ በሕፃናቱም፣ በከብቱም፣ በወንዙና በግጦሹም ላይ ይወርድ እንደነበረ ለዓለም ተናግረዋል። ሰሚ አልተገኘም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዝና ጀርመን እርስ በርስ ሲዋጉ ግን ሁለቱም በቂ የጋዝ ክምችት ነበራቸው፤ በጦር ሜዳ ግን አንዱ በሌላው ላይ አልረጨም። ሕጉ ያው ሕግ ነው። ልዩነቱ እኛ አጸፋ የምንመልስበት ጋዝ ያልነበረን መሆናችን ነው።

ዛሬ ዘጠኝ አገሮች በድምሩ 12,000 ገደማ የኒውክሌር አረር አላቸው፤ ከዚህም ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በሩሲያና በአሜሪካ እጅ ነው። በ1986 ቁጥሩ ወደ 70,000 ይጠጋ ነበር። በዚያ ሁሉ ክምችት መካከል ቀዝቃዛው ጦርነት አንድም የኒውክሌር ጥይት በጠላት ላይ ሳይተኮስ ማለፉ የፍርሃት ሥራ ነው። ፍርሃት ክቡር ስሜት ባይሆንም ሕይወት ያተርፋል።

የሕግ ባለሙያ (አዲስ አበባ)

የተከበሩ ሻለቃ፣ የጋዙን ታሪክ ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ ሕግ ብቻውን ያድነናል ብዬም አልከራከርዎትም። ይሁን እንጂ ፍርሃት ሰውን ከጥፋት የሚገታው የሚፈራው ነገር በትክክል ሲታየው ነው። ያልተተኮሰውን «ተተኮሰብኝ» ብሎ የፈራ ሰው ፍርሃቱ ራሱ ያስተኩሰዋል።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ፣ ከሞስኮ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሰርፑኮቭ 15 በተባለው ምሽግ ውስጥ ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ተረኛ ነበር። የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ፤ ሳተላይቱ ከአሜሪካ አንድ ሚሳኤል መተኮሱን አሳየ። ቀጥሎም አራት ጨመረ። የኮሪያ መንገደኛ አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ጀት ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ አንድ ወር እንኳ አልሞላም ነበርና የሁለቱ ኃያላን ግንኙነት እጅግ የከረረበት ሰሞን ነው። ፔትሮቭ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ «አሜሪካ ጦርነት ብትጀምር በአምስት ሚሳኤል አትጀምርም» ብሎ አሰበና፣ መሣሪያው ተሳስቷል ሲል ለአለቆቹ አስታወቀ። በኋላ ሲጣራ ሳተላይቱን ያሳሳተው ከፍ ባለ ደመና ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ነበር።

ይህ ብቸኛው አይደለም። በኦክቶበር 1962 በኩባ ቀውስ ወቅት ቢ 59 የተባለችው የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ በአሜሪካ መርከቦች ተከብባ፣ ወደ ላይ እንድትወጣ ምልክት የሚሰጡ ፈንጂዎች ሲወረወሩባት፣ አዛዡ ጦርነት የተጀመረ መስሎት የኒውክሌር ቶርፔዶው (በውሃ ውስጥ የሚተኮሰው አረር) እንዲዘጋጅ አዘዘ። ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለው መኮንን ግን አልተስማማም፤ አዛዡንም አረጋግቶ መርከቧ ወደ ላይ እንድትወጣ አደረገ። አሜሪካኖቹ መርከቧ ያን ዓይነት ቶርፔዶ መያዟን እንኳ አያውቁም ነበር። በጃንዋሪ 1995 ደግሞ ቀዝቃዛው ጦርነት አልቋል በተባለበት ዘመን ከኖርዌይ የተተኮሰ የምርምር ሮኬት የሩሲያው ፕሬዚዳንት የልሲን የኒውክሌር ትእዛዝ የሚሰጡበት ቦርሳ እንዲነቃ አድርጓል።

መምህር፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ ይኸው ነው። አንድ መሪ በማለዳ ተነስቶ ዓለምን ላጥፋ ይላል ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ጊዜውን ነው። ከሩሲያ የተተኮሰ አኅጉር ተሻጋሪ ሚሳኤል አሜሪካ ለመድረስ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰርጓጅ መርከብ ከሆነ ከዚያ በጣም ያንሳል። ከዚህ ላይ ማጣሪያውና ምክክሩ ሲቀነስ ለውሳኔ የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ትእዛዙን የመስጠት ሥልጣን የፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው።

ስለ ሕግም አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎችዎ አያውቁት ይሆናልና። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኖቬምበር 24 ቀን 1961 በኒውክሌር ጦር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ሲያውጅ፣ ሐሳቡን በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች። ጋዝ የተረጨበት ሕዝብ ከ25 ዓመት በኋላ ያን መድረክ ሲይዝ ያለውን ክብደት ልጆቹ ቢያውቁት እወዳለሁ።

አንዲት እህት ከአሽዶድ (እስራኤል)

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የሕግ ባለሙያው ስለ ጊዜ ማጠር የጻፉት ግን አንድ ሌሊት አስታወሰኝ።

በጁን 2025 ኢራን ወደ እስራኤል ሚሳኤል ስትተኩስ ሕንፃችን አሮጌ ስለሆነ በየቤቱ የተጠናከረ ክፍል የለውም፤ እናቴን ይዤ ሚክላት ወደምንለው የጋራ መጠለያ እወርድ ነበር። እናቴ ከጎንደር የመጣች፣ ዕብራይስጥ ብዙም ያልለመደች ሴት ናት። አንድ ሌሊት ነጠላዋን ተከናንባ ከግድግዳው ተጠግታ ተቀምጣ ሳለ ከሩቅ ፍንዳታ ተሰማና እጄን ጨብጣ «ልጄ፣ ይኼኛው ያ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ «ኒውክሌር፣ ኒውክሌር» ሲል ውሎ ነበርና «ያ» ያለችው ምን እንደሆነ ገባኝ። ኢራን እንዲህ ያለ ቦምብ እንደሌላት አውቃለሁ፤ ለእሷም ያንኑ ነገርኳት።

ነገር ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ የማስበው፣ በእርግጥ ቦምቡ ያላቸው አገሮች ሲተኳኮሱ እንደ እናቴ የሚጠይቅ ሰው ማን ይመልስለታል የሚለውን ነው። ራዳር የሚያየው ሚሳኤል መምጣቱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። ሩሲያ ዩክሬን ላይ የምትተኩሰው ኢስካንደር የተባለው ሚሳኤል የተለመደውንም የኒውክሌሩንም አረር መሸከም የሚችል ነው።

ሻለቃ (በጡረታ)

እመቤቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ያኑርልዎት። ያነሱት ነጥብ ወታደሮችን የሚያስጨንቅ እውነተኛ ነጥብ ነው፤ የሕግ ባለሙያውም ስለ ፔትሮቭ የጻፉትን አልክድም። ሆኖም መሣሪያውን ቀድሞ የጣለ ምን እንደገጠመው አይዘንጋ። ዩክሬን በ1994 በቡዳፔስት ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከሩሲያ ዋስትና ተቀብላ በግዛቷ የነበረውን የሶቪየት ኒውክሌር አስረከበች፤ በ2014 ክሪሚያን የወሰደባት ከፈራሚዎቹ አንዱ ነው። የማዘዣው ቁልፍ ቀድሞም በሞስኮ እጅ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ነገሩን ከዳር ሆኖ ያየ ሌላ አገር ግን የሚማረው ትምህርት «አትጣል» የሚል ነው።

የሰብል ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)

ሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን ስላልተመለሰ በሙያዬ ልሞክር።

በአካባቢያችን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ያለ ምሽት ገበሬውን እንቅልፍ ይነሳዋል። በማግሥቱ ባቄላውን ስታዩት የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል፤ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ አበባው ተኮማትሮ፣ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። የአንድ ሌሊት ውርጭ የስድስት ወር ድካም ይዞ ይሄዳል። ይህን ያነሳሁት የኒውክሌር ጦርነት ለእኛ ዓይነት አገር የሚመጣው በፍንዳታ ሳይሆን በዚህ መልክ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተሞች ሲቃጠሉ የሚወጣው ጥላሸት በእሳቱ ኃይል ተገፍቶ ዝናብ ከሚፈጠርበት የአየር ንብርብር በላይ ከወጣ፣ አጥቦ የሚያወርደው ዝናብ ስለሌለ ለዓመታት እዚያው ይቆያል፤ ዓለምን ዞሮም ፀሐይን ይጋርዳል። በ1815 የኢንዶኔዥያው ታምቦራ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በጋው ቀዝቅዞ እህል ጠፍቷል። በኦገስት 2022 «ኔቸር ፉድ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በሕንድና በፓኪስታን መካከል የሚደረግ የኒውክሌር ጦርነት በሚያስከትለው ረሃብ ከ2 ቢሊዮን በላይ፣ በአሜሪካና በሩሲያ መካከል የሚደረገው ደግሞ ከ5 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ሊያልቅ እንደሚችል ገምቷል። ምን ያህል ጥላሸት ወደ ላይ ይወጣል በሚለው ላይ ሳይንቲስቶች አሁንም ስለሚከራከሩ ቁጥሩን እንደ ግምት ያዙት። ነገር ግን የሟቹ አብዛኛው ቦምብ ያልወደቀበት አገር ሰው መሆኑን ልብ በሉ።

ውርጩን ትተን ንግዱን ብቻ ብናይ እንኳ ናሙናውን ቀምሰነዋል። ዩሪያ የሚሠራው በዋነኛነት ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 (በእኛ 2014 ዓ.ም.) የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ጋዙም ማዳበሪያውም ስንዴውም አንድ ላይ ተወደደ። በዚያ ክረምት እኔ የምሠራበት ወረዳ ገበሬዎች ለሁለት ጥማድ የሚበቃውን ማዳበሪያ ለአራት ጥማድ ሲበትኑ አይቻለሁ፤ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የዚያን ዓመት ኦገስት መጨረሻ ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ ለኢትዮጵያ ተረጂዎች 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዛ ጂቡቲ ስትደርስ የዓለም ዜና ሆነች። ያ ሁሉ የሆነው አንድም የኒውክሌር ቦምብ ሳይፈነዳ፣ በተለመደ ጦርነትና የዩክሬን ወደቦች ለጥቂት ወራት በመዘጋታቸው ነው። ወደቡም፣ መርከቡም፣ ፋብሪካውም፣ የክረምቱ ፀሐይም አንድ ላይ ሲጠፉ ምን እንደሚሆን ተማሪዎችዎ ራሳቸው ያስሉት።

የታሪክ መምህር (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት የሰብል ባለሙያውን ማብራሪያና የፔትሮቭን ታሪክ ለክፍሉ ነገርኩ። በተለይ የገበሬ ልጆች የሆኑት ስለ ውርጩና ስለ ማዳበሪያው ሲሰሙ «ምን አገባን» የሚለው ቀረ። ያቺው ተማሪ ግን እንደገና እጇን አወጣችና «መምህር፣ በዚያች ሌሊት ተረኛው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ?» አለችኝ። መልስ አጥቼ ለናንተ አምጥቼዋለሁ።

የሕግ ባለሙያ (አዲስ አበባ)

ይህን ጥያቄ ፔትሮቭ ራሱ በሕይወት ሳለ መልሶታል። በቡድኑ ውስጥ የሲቪል ትምህርት የተማረው እሱ ብቻ እንደነበረ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ግን ትእዛዝ መስጠትና መቀበል የለመዱ ወታደሮች እንደነበሩ፣ ተረኛው ከእነሱ አንዱ ቢሆን ኖሮ «ጥቃት ተከፍቶብናል» የሚል ሪፖርት ይተላለፍ እንደነበረ ያምን ነበር።