የሞተሬን ኩሽኔታ ግፊት እየበላብኝ ነው፣ እርዱኝ

እንዴት ናችሁ ወገኖች? የደሴ ልጅ ነኝ። በሪሞት የምትነዳ የኤሌክትሪክ ጀልባ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ወርጄ ነው የምነዳት። 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ በ5 ደቂቃ ተበላሽታ መመለስ ያንገበግባል!

ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ሻፍቱ (ፕሮፔለሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ደግሞ ወደ ፊት፣ ሞተሩን ይገፋዋል። የሞተሩ ኩሽኔታ በዋናነት የተሠራው ለጎን ጫና ነው። ሁለቴ አለቀብኝ።

አሁን የግፊት ኩሽኔታ ገዛሁ። ሁለት ሮንዴላ፣ መሃላቸው ትንንሽ ኳሶች። በሞተሩ ፊትና በሻፍቱ መጋጠሚያ መሃል ላስገባው ነው። በካሊፐር ስለካው ግን የአንዱ ሮንዴላ ቀዳዳ በትንሹ ሰፋ ይላል። ጠባቡ ከሻፍቱ ጋር የሚዞረው፣ ሰፊው ሞተሩ ላይ ተደግፎ የሚቆመው ይመስለኛል። የቶርኖ ቤቱ ጋሼ ግን «ልዩነት የለውም ልጄ፣ ዝም ብለህ ክተተው» አሉኝ። አልተዋጠልኝም። እሳቸው የሚያውቁት የወፍጮ ኩሽኔታ ነው።

ሌላው ክፍተቱ ነው። መጋጠሚያውን አስጠግቼ ሳጠብቀው ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይከብዳል። ሳላላው ሻፍቱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ግፊቱም ተመልሶ የሞተሩ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ስንት ልተውለት? ግሪሱስ ወፍራም ይሁን ቀጭን?

የሞከራችሁ ካላችሁ በአላህም በማርያምም፣ ከቅዳሜ በፊት መልሱልኝ።