የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ አያቴ የሞቱበትን ቀን ከየትኛው መዝገብ ላግኝ? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ፦
የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ እያሰናዳሁ ነው። የእናቴ አባት ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል በብየዳ ሥራ ኖረው በ1950ዎቹ መጨረሻ አረፉ። ዓመቱን እንኳ በእርግጥ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እናቴም «ክረምት ነበር፤ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቀብሩ ዘገየ» ብላ ታቆማለች። አንድ መዝገብ ቤት ሄጄ ስጠይቅ «የወራሽነት ማስረጃ ይዘሽ ነይ» ተባልሁ። ምን ልወርስ? ሰውዬው የተዉት ኮፍያና መዶሻ ነው!

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር ነው። በውጭ አገር ሞቶ በቆንስላ የተመዘገበ ፈረንሳዊ መዝገቡ ናንት ከተማ ይገኛል። በፈረንሳይ ሕግ የልደትና የጋብቻ መዝገብ 75 ዓመት ይጠበቅበታል፤ የሞት መዝገብ ግን ወዲያውኑ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። እንግዲህ የአያቴ ፈረንሳዊ አለቃ እዚሁ ድሬዳዋ ሞቶ ቢሆን ኖሮ የእርሱን ቀን ከዚራ ቁጭ ብዬ በደብዳቤ አገኘው ነበር። የአያቴን ግን ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርሁ አላገኘሁትም። መንገዱን የምታውቁ ንገሩኝ።

የባቡር ጡረተኛ፦
ልጄ፣ ማዘጋጃ ቤቱን ተዪውና ከኩባንያው ወረቀት ጀምሪ። በእኛ ጊዜ የሠራተኛ ማኅደር የሚያዘው በፈረንሳይኛ ነበር። ስማቸው በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ስለሚገባ አንዱን ስም በሦስት በአራት ዓይነት ፊደል ፈልጊ፤ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ማኅደሩ የተዘጋበትን ገጽ ተመልከቺ። ባለቤታቸው ገንዘብ ተቀብለው ከሆነ የጣት አሻራ ያለበት ደረሰኝ እዚያው ተያይዞ ይገኝ ይሆናል።

ቀጥሎ ዕድር ነው። እኔ የዕድር ፀሐፊ ሆኜ ስለሠራሁ ላስረዳሽ። በደብተሩ ላይ ዋናው ሰው ሟቹ አይደለም፤ ገንዘብ የተቀበለው አባል ነው። «የአባል ቁጥር ይህን ያህል፣ አማት፣ ድንኳን ወጥቷል፣ ብር ተከፍሏል» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይከተላል። ያማት ስም ማን እንደሆነ ማንም አልጻፈም። ስለዚህ በአያትሽ ስም ብትፈልጊ አታገኚም፤ በዚያን ጊዜ ከቤታችሁ ዕድርተኛው ማን እንደነበር አስቀድመሽ እወቂ። አያትሽ ራሳቸው አባል ከነበሩ ግን ስማቸው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮ ታገኚው ይሆናል።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦
የሞት ምስክር ወረቀት ፍለጋ አትድከሚ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ቢደነግግም ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ኖረ። በመላ አገሪቱ ምዝገባ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ዛሬ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የአያትሽ ዘመን ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀቱ ካለው በአዋጅ 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ የግል ምስጢርን የሚጠብቅ ገደብ ግን አለበት። በቃል አትጠይቂ፣ ማመልከቻ አስገቢ፣ እምቢ ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡሽ።

ገንደ ቆሬ፦
ሁላችሁም ክፈቱ ክፈቱ ትላላችሁ። የሟች መዝገብ አደባባይ ወጥቶ ለአጭበርባሪ ሲሳይ ይሁን? አባታቸው ከሞቱ በኋላ በአባታቸው «ውክልና» ቤታቸው የተሸጠባቸው ጎረቤቶች አሉኝ።

የከዚራ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የጎረቤቶችህ ነገር ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ውክልና ሰጪው ሲሞት በመሠረቱ ውክልናው ይቋረጣል። ገዢው የሞት መዝገቡን ማየት ቢችል ኖሮ ያ ወረቀት ምን ዋጋ ነበረው? ሌባው የሠራው ሞቱ ስለተሸሸገለት ነው።

ስጋትህን ግን አልንቅም። አሜሪካኖችም በሞቱ ሰዎች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የግብር ተመላሽ የሚወስዱ ሌቦች ሲያስቸግሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ሕግ የማኅበራዊ ዋስትናውን የሟቾች ዝርዝር ሰው ከሞተ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ከሕዝብ ዘጉት። የዘር ሐረግ አጥኚዎች ተቃውመው ነበር። ቢሆንም የተዘጋው ለጥቂት ዓመታት ነው። የትናንትናው ሟች ይጠበቅ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ግን ከማን ነው የምንሸሽገው?

ጁገል፦
ሐረር ውስጥ አፎቻ የምንላቸው መረዳጃ ማኅበሮቻችን ለቀብርም ለሠርግም የሚቆሙ ናቸው፤ ከታላላቆቹ አንደበት ብዙ ይገኛል፣ በጽሑፍ ያለው ግን እንደየአፎቻው ነው። እኔ የአንዱን ደብተር በስልኬ ገጽ በገጽ አንስቼ ቅጂውን ለሊቀመንበሩም ሰጥቻለሁ። ፈቃድ ጠይቁና እንዲሁ አድርጉ። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሲሞላ ከሰውና ከቤት ጋር ስንት ወረቀት እንደሄደ እናንተ ድሬዎች ታውቃላችሁ።

የባቡር ጡረተኛ፦
እውነት ነው፤ የእኛ ዕድር አሮጌው ደብተርም የሄደው ያን ጊዜ ነው። ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያንም ጠይቂ፤ ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ ግን የአያትሽን የክርስትና ስም ከእናትሽ ሳትቀበዪ አትሂጂ።