ታሪኩ የኔ ነው፣ ውስጡ ያሉት ሰዎችስ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር፦ ሰው መድረክ ላይ ወይ በሬዲዮ የራሱን እውነተኛ ታሪክ ላይቭ ሲያወራ ታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ማስፈቀድ አለበት ወይስ የለበትም? መሳደብ የለም።

ነፃ አንደበት፦ የለበትም! የኖርኩት እኔ፣ ለማውራት ደሞ ፈቃድ ለማኝ እኔ? የደበደበኝን ሰውዬ ሄጄ "እንዴት እንደደበደብከኝ ላውራ ወይ" ልበለው? ስንቱ ሰው እኮ ለዓመታት ውጦ የኖረውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተነፍሰው እዛ መድረክ ላይ ነው፣ አስፈቅድ ካላችሁት በቃ ዝም በል እንዳላችሁት ቁጠሩት።

ጆሮ ብቻ፦ ወንድሜ፣ ታሪክ ውስጥ ያለው በዳይ ብቻ አይደለም። እኔ አንዴ መድረክ ወጥቼ እህቴ ታማ ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር መታጠቢያ ቤት በርጩማ ላይ አስቀምጬ እንዴት እንደላጨኋት አወራሁ። ሰው አለቀሰ፣ አጨበጨበ፣ ደስ አለኝ። ከዛ ቅጂው በሬዲዮ ተላለፈና እህቴ ስራ ቦታ ሰማችው፣ መታመሟን የማያውቁ ሰዎች መሃል ቁጭ ብላ። ስሟን አልጠራሁም ግን የኔን ድምፅ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል። ማታ ደውላ "ለማን እንደምነግር እኔ ነበርኩ የምመርጠው" አለችኝና ዘጋችው።

የማታ አድማጭ፦ አይዞሽ እህቴ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው እኮ፣ አዳራሽ ውስጥ የተወራ እና በሬዲዮ የተላለፈ አንድ አይደለም። ዘ ሞዝ የሚባለው የእውነተኛ ታሪክ መድረክ እ.ኤ.አ. በ1997 ኒው ዮርክ ውስጥ የጆርጅ ዶውስ ግሪን ሳሎን ውስጥ ነው የጀመረው፣ ወረቀት ሳይዙ ለተሰበሰበው ሰው ማውራት። የሬዲዮ ፕሮግራሙ በ2009 መጣ፣ ፖድካስት ሲሆን ደሞ ተረት ሆኖ አይረሳም፣ ማንም በፈለገው ሰዓት ከፍቶ ይሰማዋል። የሰዎችን ጨዋታ የሚቀዳውን ስቶሪኮርፕስን ደሞ እዩ፣ በ2003 ሲጀመር ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው ትንሿ ክፍል አብረው ገብተው 40 ደቂቃ የሚያወሩት፣ የሚወራበት ሰው አጠገብህ ተቀምጧል።

እውነት ፈላጊ፦ ማስፈቀድ ለእውነቱም ይጠቅማል። ማይክ ዴዚ የሚባል አሜሪካዊ ተራኪ ስለ ቻይና ፋብሪካ ሰራተኞች መድረክ ላይ የሚያወራው እ.ኤ.አ. በ2012 በሬዲዮ ሲተላለፍ ስንቱን አስደነገጠ፣ በኋላ አብራው የነበረችው አስተርጓሚ ስትጠየቅ ብዙው ነገር አልሆነም አለች፣ ፕሮግራሙም በይፋ ሰረዘው። አብሮህ የነበረ ሰው ቀድሞ ቢሰማው ኖሮ እዛ አይደርስም ነበር።

ነፃ አንደበት፦ እሱ ውሸት ነው ሌላ ነገር ነው! ዘ ሞዝ ራሱ የሚለው ተራኪው እንደሚያስታውሰው እውነት ይሁን ነው፣ ሁለት ሰው አንድን ቀን እኩል አያስታውስም። ግን የእህትሽን ነገር ሳነብ ከበደኝ፣ አልዋሽም። በሽተኛ ሲሆንና ህፃን ሲሆን ይጠየቅ፣ በዳይ ግን በጭራሽ!

ጆሮ ብቻ፦ በዳይ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ህፃን ግን ዛሬ እሺ ቢል ምን እንደፈቀደ መች ያውቃል፣ የልጅን ታሪክ ልጁ አድጎ ራሱ ቢያወራው ነው የሚሻለው። እህቴ ከስንት ወር በኋላ አብረን ስንሰማው "እኔ አላለቀስኩም፣ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ደግሜ ሳወራው እንደሷ አድርጌ ነው፣ የበሽታውን ስም አውጪው አለች፣ አወጣሁት።